ሁላችንም የቱፋ ልጆች

ባዶ ቦታ የሚወድ ሰው አላየሁም። እናንተ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ጥርሱ የወለቀ ያስተክላል፤ ወሬ የጎደለው ከራሱ ይጨምርበታል፤ ለቅሶ ቤት የገባ እንግዳ እንኳ ጸጥታው ሲከብደው «ዝናቡም ዘንድሮ ዘገየ እኮ» ብሎ ይሞላዋል። በእነዚያ የግንባታ ዓመታት ደግሞ፣ ቦሌ ላይ ክሬን ከባሕር ዛፍ በበለጠበት ጊዜ፣ ሰፈሩ ራሱ ይህ አመል ያዘው። ትናንት ልጆች ኳስ ሲያሳድዱበት ያየነው ሜዳ ዛሬ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ከርሞ ፎቅ ቆሞበት ይጠብቀናል። ልብ ብላችሁ ከሆነ አዲሱ ፎቅ ሁልጊዜ ጎረቤቱን ይመስላል። ጎረቤቱ ሰማያዊ መስታወት ከለበሰ እሱም ሰማያዊ ይለብሳል። ቦታው ላይ በፊት ምን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠያቂው ራሱ በፊት የት እንደነበረ ጠፍቶታል።

ስለ ሰማያዊ መስታወት በክፉ እንዳነሳሁ አትቁጠሩብኝ። እንጀራዬ ነው። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ የመስታወትና የአልሙኒየም ሥራ ቤት አለችኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ትልቅ መስታወት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ፊት ለፊቱ ቁጭ እላለሁ። ደመናው ከኋላዬ ይመጣና በፊቴ ያልፋል። አውሮፕላን ከጀርባዬ ተነስቶ መስታወቱ ውስጥ ይገባና በዚያ በኩል ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ጎረቤቶቼ መስታወቱን የማጸዳ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያንን ሰማይ እያየሁ አያቶቼ እዚሁ ቦታ ላይ ቀና ብለው ምን ያዩ እንደነበር አስባለሁ። እኛ የዚሁ አገር ገበሬዎች ልጆች ነን። አሁን የአውሮፕላን ድምፅ ያለበት ቦታ ያኔ የጥማድ በሬ ድምፅ ነበረበት ይላሉ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የእህቴ የአስቴር ልጅ ሌንሴ ሥራዋ ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ተቸግሬያለሁ። እናቷ «ደም ነው የምትመረምረው» ትላለች፤ ልጅቱ ግን ዶሮ ሲታረድ እንኳ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን የምትደፍን ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ስላረፈ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንደ አባት «አንተ» እያለች ትሞግተኛለች። አንድ ቀን ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ተቀመጥን። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ተሰነጣጥቋል፤ ማኪያቶው ላይ አቧራ እንዳይገባ በማስቀመጫው ሳህን ከድነን ነው የምናወራው። እዚያ ነው ገለጥ አድርጋ ያስረዳችኝ።

«ድር ቢያብር ብልህ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ።

«አንበሳ ያስር።»

«እኔ ግማሹን ነው ያልኩህ። ሌላውን ግማሽ ማን ሰጠህ?»

ሥራዋ ይኸው ነው አለች። የሰው ዘረመል እጅግ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ የብዙ ሺህ ሰው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይነበብ ቢባል ወጪው አይቻልም። ስለዚህ እዚህም እዚያም ጥቂት ፊደል ብቻ ይነበባል። በመሃል የቀረውን ክፍተት ኮምፒውተሩ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ቀድሞ ሙሉ በሙሉ የተነበቡ ሌሎች ሰዎችን አይቶ ነው። እንዲህ ያለ ፊደል ያላቸው ሰዎች ቀጥሎ የሚኖራቸው እንዲህ ያለ ነው፣ ስለዚህ የዚህም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም ይላል። የስኳርና የደም ግፊት ምርምሮች፣ ብዙ ሕዝብ የሚያጠኑት ሁሉ፣ በዚህ ነው የሚራመዱት። አንተ ምሳሌውን የሞላኸው ከሚተርት ሰው መሃል ስላደግህ ነው፤ ለአንድ ስዊድናዊ ግን ድር ቢያብር ብትለው ጨርቅ ይወጣዋል ብሎ ይሞላልሃል አለችኝ። ስህተትም አይደለም፣ የእኛ ግን አይደለም። የእኛ ሰው ክፍተት በሩቅ ሰዎች ሲሞላ ነገሩ እንዲሁ ይሆናል። ለዚህ ነው የእኛን ሰው በደንብ ማንበብ አለብን የምትለው።

«ታዲያ ተሳስቶ ቢሞላስ?»

«የተሞላው ፊደል ላይ ሁሉ ምን ያህል እንደምናምነው ምልክት እናደርግበታለን። የተነበበና የተሞላ ተደባልቆ አይቀመጥም። እሱ ነው ዋናው ሐቀኝነት።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ጨርቁን ነው። ምልክቱን ረሳሁት። ለካ ዋናው እሱ ነበር።

ሌንሴ ገመቹ የሚባል ልጅ ትወድ ነበር። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽኖች ይጠግናል። ጭምት፣ እጁ ሁልጊዜ ትንሽ የማሽን ዘይት የሚሸት፣ ሲስቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነው። ወደድኩት። እህቴም ወደደችው። ያልተጠየቁት አክስቴ እማማ አስካለ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሳይቆጠር አይወዱም።

ቆጠራውን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ አባት ላይ ከተገናኙ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻው የለም። ፎቁ ቢነባበርም፣ ልጆቹ በስልክ ቢተዋወቁም፣ ይህ ሕግ ከቦሌ አልተነሳም። በእኛ ቤት ቆጣሪዋ እማማ አስካለ ናቸው፤ የአባቴ እህት ናቸው፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከጎናቸው የቆመ ሰው እንኳ «እኛ የቱፋ ልጆች ነን» ሳይባል አይመለስም።

ቱፋ ማን ነው አትሉኝም? ቱፋ በዚያ አገር በሬ ጠፍቶበት የማያውቅ፣ ፍርድ ሰጥቶ የማይመለስበት፣ ከብቶቹ ውሃ ሲወርዱ ጅረቱ ይቆማል የሚባልለት ታላቅ ሰው ነበር። ይባላል ነው እንግዲህ። ከቦሌ እስከ ለሚ ድረስ ከእሱ ያልወረደ ሰው አላጋጠመኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገመቹ ሽማግሎች እህቴ ቤት መጡ። ፊተኛው የልጁ አያት አባባ ደበላ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ቀጥ ያለ ከዘራ፣ ከከዘራው የበለጠ ቀጥ ያለ ጀርባ። እንደ ደንቡ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ፤ እኛም እንደ ደንቡ ልጁን ገና አላወቅነውም አልን፤ ተቀመጡ፣ ቆጠራው ተጀመረ። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ሌንሴን በእናቷ በኩል ይዘው ወጡ፦ አስቴር፣ ለገሰ፣ በዳዳ፣ ሂርጳ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቱፋ!»

አባባ ደበላ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እሳቸውም ጀመሩ። ገመቹ፣ ታደሰ፣ እኔ ደበላ፣ ዋቅጅራ፣ ሮባ። እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አሉ። በኋላ ላይ ነው ዝምታው ትዝ ያለኝ። ከዚያ «ቱፋ» አሉ።

ስለ ዝናቡ የሚያወራ እንኳ ጠፋ። ሰባት ሳይሞላ ተገናኝተዋል። ከሽማግሎቹ አንዱ ቀስ ብለው ተነሱና «እህት ወንድም ናቸው። እግዚአብሔር በሌላ ይባርካቸው» አሉ። ከጓዳ የሌንሴን ለቅሶ ሰማን፤ ደጅ መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ገመቹ ግን ገና ምንም አላወቀም፤ ሽማግሎቹ ሲወጡ እያየ ፈገግ ይል ነበር። ያ ፈገግታ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ ሌንሴ ሥራ ቤቴ መጥታ መስታወቱ ፊት ቁጭ አለች። ዓይኗ አብጧል። ደመናው በፊታችን ሲያልፍ አየን።

«እናንተ ጋ ያለው ኮምፒውተር ዘመድ መሆናችሁን አይለይም?» አልኳት።

«ሞክረነዋል» አለች። «ገና ስንዋደድ፣ ለጨዋታ ብለን። ምንም የጋራ ነገር አላሳየም። ግን አጎቴ፣ እዚያ ርቀት ላይ አለማሳየቱ ማስረጃ አይሆንም። እውነተኛ ዘመድ ሆነንም ላይታይ ይችላል። ያን ያህል ሲርቅ ደም ራሱ ይረሳል።»

ደም ራሱ ይረሳል። እኔ ደም የማይረሳ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና የባሰውን ተናገረች።

«ደግሞ አላምንም። እዚህ አገር አንድ አያት የጠፋበት ሁሉ ቱፋን ነው የሚሞላው። የእኛም ማሽን እንዲህ ያደርጋል፤ ሲጨንቀው የበዛውን ይሞላል። ሁሉም የቱፋ ልጅ ከሆነ ቱፋ ከብቶቹን መቼ ጠበቀ?»

ሳቅን። ከአንጀት ግን አልነበረም። መስታወቱ ውስጥ ሁለት የሚስቁና የሚያዝኑ ሰዎች ነበሩ።

አባባ ደበላ የሚኖሩት ከለሚ ማዶ፣ መሬቱ ከተወሰደ በኋላ የተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የመስኮታቸው መስታወት መሰንጠቁን ገመቹ ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ከሮባ በኋላ ዝም ማለታቸው ትዝ ብሎኝ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ሰው ቤት ሲገባ ምክንያት ጥሩ ነው። መስኮቱ የሚያየው በቀጥታ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ በረጃጅሞቹ ጣሪያዎች ላይ ተኝታለች፤ ሴት ሠራተኞቹ ከፈረቃ እየወጡ በመንገዱ ይጎርፋሉ፤ ሻርፖቻቸው ከሩቅ የአደይ አበባ ማሳ መስለው ታዩኝ። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንን ያያሉ።

«ያ ሦስተኛው ጣሪያ ጤፍ ነበር» አሉኝ። «ከሱ ወዲህ ያለው ሽምብራ። ያ ዘበኛ የቆመበት በር ላይ አባቴ ተቀብሮ ነበር። በኋላ አጥንቱን አንስተን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው።»

መስኮቱን ለካሁ። መልሼ ለካሁት። አፌ ላይ የመጣውን ለመናገር አልደፈርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ እንዴት ይባላል? የቀደሙት እሳቸው ናቸው።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «መስታወት ልትለካ ብቻ አልመጣህም።»

«አዎ፣ አባባ» አልኩ።

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አባታቸው ሲሞቱ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ፤ ቆጠራውን እስከ ሮባ ድረስ አስተምረዋቸው ነበር። የቀረውን የሚያውቅ ዘመድ ሳይገኝ ቀረ። ጎልማሳ ሆነው አንድ ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ «አንተ የማን ነህ?» አላቸው። እስከ ሮባ ቆጠሩ። «ከሮባስ በላይ?» አለ ሰውዬው። ቤቱን የማያውቅ ሰው በዚያ አገር ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ መንገድ የጣለው ይሉታል።

«ቱፋ አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ለልጄ አስተማርኩት፣ ልጄ ለልጁ አስተማረው። አንዳንዴ እኔም አምነዋለሁ። በሕልሜ እንኳ ይመጣል፤ በዚያ ጣሪያ ላይ ከብት ሲነዳ አየዋለሁ።» ወደ ፋብሪካው አገጫቸውን አነሱ። «መሬቱ ሄደ። ከብቱ ሄደ። የቀረኝ ቱፋ ነው።»

መስታወቱ በሳምንቱ ይደርሳል አልኩና ወጣሁ። መንገዱን ያዝኩ። የሌንሴ ለቅሶ በአንድ ጆሮዬ፣ የሽማግሌው ቃል በሌላው። ከሁለቱ የትኛው እንዲወድቅ እንደምለምን አላወቅሁም፤ ልመናውን ለራሱ ለጌታ ተውኩት።

በሚቀጥለው እሑድ አባባ ደበላ ሽማግሎቹን ይዘው እንደገና መጡ። ማንም አልጠበቃቸውም። ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ቆሙ።

«ባለፈው የቆጠርኩት እስከ ሮባ ድረስ እውነት ነው» አሉ። «ከሮባ በላይ ያለውን አባቴን አላውቀውም። ቱፋን የሞላሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የሞላሁት። ዛሬ ደግሞ እያፈርኩ አወጣሁት። ልጆቹን በማላውቀው ሰው አታስለቅሱብኝ።»

ጀርባቸው እንደዚያው ቀጥ እንዳለ ነበር። ፊታቸውን ግን ማየት አልቻልኩም። ሽማግሎቹ ተያዩ። መሬት መሬት ያዩም ነበሩ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል፣ እነሱም ቤታቸው ቱፋ አለ። በመጨረሻ ትልቁ «የታወቀው ሁሉ ተቆጥሯል። የታወቀው አልተገናኘም» ብለው ፈረዱ። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው «እግዚአብሔር ያክብርህ ደበላ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ጓዳ ውስጥ ግን እልልታ ፈነዳ።

ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ ሆነ። ምርቃት ላይ አባባ ደበላ ሙሽሮቹን ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው በአባቶቻቸው ስም መረቁ። የዋቅጅራ በረከት ይድረሳችሁ፣ አሜን። የሮባ በረከት ይድረሳችሁ፣ አሜን። እኛ ሁላችን አሁን ይዘላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «ስሙን የማላውቀው አባቴ፣ ግን የነበረ፣ ያረሰ፣ የወለደ፣ በረከቱ ይድረሳችሁ» አሉ። አሜኑ ድንኳኑን አነሳው። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

ከሠርጉ ስንመለስ እማማ አስካለ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። በቀለበት መንገድ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቦሌ ፎቆች ሁሉ የእሳት ቀለም ይይዛሉ፤ ግማሹን መስታወት የገጠምኩት እኔ ብሆንም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርመኛል። እማማ አስካለ በመስኮቱ እያዩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፎቆቹ እንደሚናገሩ፣ «የሂርጳን አባት እኔስ መች አውቀዋለሁ» አሉ።

መኪናዋን ልገለብጣት ነበር። «እንዴ እማማ! ቱፋስ?»

«አባቴ ነው የሞላው። አማቶቹ ፊት አፍሮ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።» ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «አልከፈትኩም መሰለኝ። እሱ በሰው ፊት እርቃኑን ሲቆም እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ።»

እስቲ አስቡት፤ ሁለቱም ቤት ያልነበረ አንድ ሰው ሁለቱንም ቤት ሊያፈርስ ደርሶ ነበር። ምናልባትም ቱፋ ልጅ አልነበረውም ይሆናል።

ለሌንሴ ነገርኳት። ይህን ያህል ስቃ አታውቅም። ከዚያ ሳቋን ጨርሳ አሰበችና «መሙላቱ አይደለም ጥፋቱ» አለች። «እኛም እንሞላለን፤ ካልሞላን አንሠራም። ጥፋቱ ምልክት ሳያደርጉ መሙላት ነው። አባባ ምልክት አደረጉ። እማማ አስካለ ግን ተዉ ቢሏቸው አይተዉትም።»

እውነቷን ነው፣ አልተዉትም። ሌንሴና ገመቹ ልጅ ወለዱ፤ ቦንቱ ትባላለች፤ ቃል አጥርታ መናገር እንደጀመረች ሁለቱም ወገን ቆጠራ ሊያስተምራት ተሻማ። አባባ ደበላ የአባቷን ቤት ያስተምሯታል፤ እስከ ሮባ ደርሰው «ከዚያ ደግሞ ስሙን የማናውቀው ሰውዬ» ይሏታል፤ እሷም እሱን ከሁሉም ትወደዋለች፣ ምን ዓይነት ባርኔጣ ነበረው ብላ ትጠይቃለች። እማማ አስካለ የእናቷን ቤት ያስተምሯታል፤ እስከ ቱፋ ድረስ፣ አንድም ሳይጎድል። ብቻ ከሠርጉ ወዲህ ቱፋ ጋ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይይዛቸዋል። ይስላሉ። አዋቂ ሰው ፊት አይደለም፣ ልጅቷ ፊት ብቻ።

ባለፈው በዓል ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ቦንቱ ትቁጠርልን ተባለ። ወንበር ላይ አቆምናት። የአባቷን ቤት ጨርሳ ተጨበጨበላት። ከዚያ የእናቷን ጀመረች፤ «ሌንሴ፣ አስቴር፣ ለገሰ፣ በዳዳ፣ ሂርጳ» አለችና ቆመች። ረሳች ብለን ልንነግራት ስንል ትንሿን እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አሳለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቱፋ!»

ሳሉ የስሙ ክፍል መስሏት ነው። ሌንሴ ከወዲያ ጥግ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክላሉ። ልጅቷን ያረማት ሰው የለም።